የኮምፒዩተር ማስጠንቀቂያ ድምፅ ለምን ይሻክራል?

ኮምፒዩተር ስሕተት ሲያጋጥመው የሚያሰማው ድምፅ ስለሚያስደነግጥ ብዙዎች ጨርሰው ይዘጉታል። ከእርሱ ጋር ግን ዲስኩ መሙላቱን የሚናገረው ጠቃሚ ማስጠንቀቂያም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ድምፁን ከመዝጋት መለወጥ ይሻላል እንላለን። ለመለወጥ ደግሞ የሻካራነቱን ምንጭ ማወቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበውን የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር እንውሰድ። የድምፅ ካርድ አልነበረውም፤ ትንሿን ድምፅ ማጉያ የሚያንቀሳቅሳት 8253 የተባለ የጊዜ ቆጣሪ ቺፕ ነበር። ቺፑ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ የሚመታን ምት ለ1,331 ሲያካፍል 896 ኸርትዝ ገደማ የሆነ «ጢጥ» ይወጣል። ድግግሞሹ በራሱ ጆሮ አይጎዳም፤ ጣጣው ከሞገዱ ቅርፅ ነው። ቺፑ ከማብራትና ከማጥፋት በቀር ሌላ ስለማያውቅ ሞገዱ ባለ አራት ማዕዘን ይሆናል። በፎሪየር ትንተና መሠረት እንዲህ ያለ ሞገድ የመሠረታዊውን ድግግሞሽ 3፣ 5፣ 7 ወዘተ. እጥፎች ይዞ ይመጣል፤ ከፍታቸውም አንድ ሦስተኛ፣ አንድ አምስተኛ እያለ ይቀንሳል። 3ኛው እጥፍ 2,690፣ 5ኛው 4,480 ኸርትዝ አካባቢ ይውላሉ። 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የጆሯችን ቦይ ደግሞ፣ አንድ ጫፉ እንደተዘጋ ቱቦ፣ 3,400 ኸርትዝ አካባቢ ያስተጋባል። ጩኸቱ የሚያርፈው እንግዲህ ጆሮ እጅግ ንቁ በሆነበት ሥፍራ ነው። ድምፁን ዝቅ ብናደርግም የእጥፎቹ ምጥጥን አይለወጥም።

አጀማመሩም የራሱ ድርሻ አለው። ከዝምታ ወደ ሙሉ ጉልበት በቅጽበት የሚዘል ድምፅ ኃይሉን በብዙ ድግግሞሾች ላይ ስለሚበትን «ቀጭ» ይላል።

የዛሬ ኮምፒዩተሮች የፈለግነውን የሞገድ ቅርፅ ማውጣት ይችላሉ። በኦዳሲቲ ፕሮግራም 500 ኸርትዝ የሆነ የሳይን ሞገድ እንፍጠር፤ በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይነሣ፣ በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ ይክሰም። ፍጹም ንጹሕ ሳይን ግን በማቀዝቀዣው አየር ማራገቢያ ድምፅ ሊዋጥ ስለሚችል ደካማ የሆነ 2ኛ እጥፍ ብንጨምርበት መልካም ነው። (ክራር ያለው ተማሪ አንዱን ክር መትቶ ቢቀርጽ ይህን ሁሉ ድካም ይተርፋል፤ የክሩ ድምፅ በራሱ ይከስማልና።)

ፋይሉን በዌቭ ዓይነት ካስቀመጥን በኋላ በዊንዶውስ ኮንትሮል ፓናል «ሳውንድ» የሚለውን ከፍተን፣ ከድርጊቶቹ ዝርዝር አንዱን መርጠን በ«ብራውዝ» እንተካዋለን። ከዊንዶውስ 7 (እ.ኤ.አ. 2009) ወዲህ የድሮው ጢጥታም በድምፅ ካርድ በኩል ስለሚያልፍ ሊለወጥ ይችላል። ለከባድ ስሕተት ግን ከሌሎቹ የተለየ፣ ሁለት ኖታ ያለው ድምፅ እንስጠው።