ሰም ከማስቀባትዎ በፊት

በባሕር ዳር - ጎንደር መንገድ ሐሙሲት ላይ የሚሠራ መኪና በበጋ አቧራ፣ በክረምት የፎገራ ሜዳ ጥቁር ጭቃ አያጣውም። ባለንብረቱ ቀለሙን ለመጠበቅ ሰም ወይም ሴራሚክ ለማስቀባት ቢያስብ መልካም ነው። ሆኖም ሴራሚክ ከሥሩ ያለውን ጭረትና ቆሻሻ አያጠፋም፤ እንዳለ ያሽገዋል እንጂ። ሰምም ቢሆን በቆሻሻ ላይ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ገንዘብዎ እንዳይባክን ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ።

አንደኛ፦ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አይጥረጉ፤ ቀለሙን ይጭረዋል። በውኃ ካራሱት በኋላ ከጣሪያው ወደ ታች በመኪና ሻምፑ ይጠቡ። ስፖንጁ የሚለቀለቅበት ባልዲ ለብቻው ይሁን።

ሁለተኛ፦ እጅዎን በስስ ፌስታል ሸፍነው የታጠበውን ቀለም ይዳስሱ። ከሻከረ ለመኪና ቀለም በተሠራ የጽዳት ሸክላ እያራሱ ያንሱት።

ሦስተኛ፦ ጭረቱን በፖሊሽ ያለስልሱ። ፖሊሽ ቀለም ስለሚያሳሳ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ይሞክሩት።

አራተኛ፦ ለሴራሚክ ከሆነ የፖሊሹ ቅባት ተጠርጎ ይልቀቅ፤ አለበለዚያ አይዝም።

ቅቡ የሚጀመረው መኪናው ጥላ ሥር ቀዝቅዞ ሲደርቅ ነው። ከላቫጆው ጋር ዋጋ ሲነጋገሩም ዝግጅቱ በሒሳቡ ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ።