ገንዘብ ወይስ ድል? የእሽቅድምድም መኪና ነጂዎች ቡድን የሚለውጡበት ምክንያት

አንድ የእሽቅድምድም መኪና ነጂ የነበረበትን ቡድን ትቶ ወደ ሌላ በሄደ ቁጥር ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማው ቃል «ገንዘብ አይቶ ነው» የሚል ነው። ይህ ፍርድ ለመስጠት ይቀላል፤ ነገሩን መርምረን ስናየው ግን ግማሽ እውነት ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። እንግዲህ ከፎርሙላ ዋን ታሪክ ጥቂት ምሳሌዎችን አንሥተን ገንዘብንና ድልን እንመዝን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልንረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሯጭ የሚያሸንፈው በራሱ እግርና ሳንባ ነው። የመኪና ነጂ ግን ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከመኪናው አቅም ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ለእርሱ ቡድን መምረጥ ማለት መሣሪያ መምረጥ ነው። አርጀንቲናዊው ኹዋን ማኑኤል ፋንጂዮ ከ1951 እስከ 1957 አምስት ጊዜ የዓለም ቻምፒዮን ሲሆን የነዳው ለአራት ቡድኖች ነበር፤ እነርሱም አልፋ ሮሜዎ፣ ማዜራቲ፣ መርሴዲስና ፌራሪ ናቸው።

ችግሩ ውል የሚፈረመው የሚመጣው ዓመት መኪና ከመታየቱ በፊት መሆኑ ነው። ሉዊስ ሃሚልተን በ2012 ማክላረንን ትቶ ወደ መርሴዲስ እንደሚሄድ በታወቀ ጊዜ ብዙዎች ተሳሳተ አሉ። በዚያ ዓመት ማክላረን ሰባት ውድድር ሲያሸንፍ መርሴዲስ ያሸነፈው አንድ ብቻ ነበር። ነገር ግን በ2014 የሞተር ሕግ ተለወጠ፤ ለዚህም ከሁሉ የተሻለ ተዘጋጅቶ የተገኘው መርሴዲስ ሆነ። ሃሚልተን እስከ 2020 ድረስ በዚያ ቡድን ስድስት ጊዜ ቻምፒዮን ሲሆን፣ ማክላረን ከ2013 እስከ መስከረም 2021 ድረስ አንድ ድል እንኳ አላገኘም።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ዣክ ቪልኔቭ ነው። በ1997 በዊልያምስ ቻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በ1999 የሲጋራ ኩባንያ ብዙ ገንዘብ ወዳፈሰሰበት አዲስ ቡድን ገባ። ቡድኑ በዚያ ዓመት በተደረጉት 16 ውድድሮች አንድ ነጥብ እንኳ ሳያገኝ ቀረ፤ ቪልኔቭም ዳግመኛ ሳያሸንፍ ፎርሙላ ዋንን ተሰናበተ።

ታዲያ ገንዘብ ጠላት ነው ማለት ነውን? አይደለም። ሚካኤል ሹማኸር በ1996 ወደ ፌራሪ ሲሄድ ደመወዙ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ፌራሪ ግን ከ1979 ወዲህ የነጂዎችን ቻምፒዮና አላገኘም ነበር። ልዩነቱ ፌራሪ ገንዘቡን በነጂው ላይ ብቻ አለማዋሉ ነው፤ ሮስ ብራውንንና ሮሪ በርንን የመሳሰሉ መሐንዲሶችንም አመጣ። ሆኖም ፍሬው ወዲያው አልታየም። ሹማኸር በ1999 እግሩ እስከ መሰበር ደርሶ፣ ከ2000 እስከ 2004 አምስት ዓመት በተከታታይ ቻምፒዮን ሆነ።

ድልን ፈልጎ መሄድም ቢሆን ዋስትና የለውም። ፈርናንዶ አሎንሶ በ2010 ፌራሪ ገብቶ በዚያው ዓመት በአራት ነጥብ፣ በ2012 በሦስት ነጥብ ብቻ ቻምፒዮንነቱን አጥቷል።

ከዚህ የምንረዳው ጥያቄው «ስንት ይከፈላል?» ብቻ ሳይሆን «ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል? ከእነማን ጋር እሠራለሁ? ቡድኑስ ለነገ ምን አዘጋጅቷል?» መሆኑን ነው። የነጂ የሥራ ዘመን አጭርና አደጋ ያለበት ስለሆነ ደመወዝ መፈለጉ አያሳፍርም። የሚያሳዝነው ደመወዙን አግኝቶ ችሎታውን የሚያሳይበት መኪና ማጣቱ ነው።

ጓደኞቼ፣ እኛም ትምህርታችንን ጨርሰን የመጀመሪያውን የሥራ ውል የምንፈርምበት ቀን ሩቅ አይደለም። በዚያ ቀን የደመወዙን ቁጥር ካየን በኋላ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ብንጨምርባቸው አንጎዳም።