ከራውተር ጠረጴዛ ፊት ስንቆም

የእጅ መላጊያ የለመደ ሰው ራውተር ጠረጴዛ ላይ የሚሳሳተው በአቅጣጫ ነው። መላጊያውን በእንጨቱ ላይ እንገፋዋለን፤ እዚህ ግን ማሽኑ ተገልብጦ ከጠረጴዛው ሥር ስለ ታሰረ የምንገፋው እንጨቱን ነው። ስለቱ ከላይ ሲታይ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ይዞራል። ስለዚህ መደገፊያውን ከስለቱ ወዲያ አድርገን እንጨቱን ከቀኝ ወደ ግራ እንገፋለን። ገልብጠን ከገፋን ስለቱ እንጨቱን ከእጃችን ይነጥቀዋል፤ ጣትም ይከተላል። በደቂቃ 20,000 ጊዜ ሊዞር ለሚችል ስለት «እጄን ልሰብስብ» የሚባል ነገር የለም። አጭር የዋንዛ ቁራጭ በመግፊያ እንጨት እንጂ በጣት አይገፋም። ጓንትና የነጠላ ጫፍም ከዚያ ይራቅ።

እዚህ ደምበጫ ደግሞ መብራት ሲሄድ ወጥተን ወሬ እንጀምራለን፤ ማብሪያውን የሚያስታውስ የለም። አንድ ቀን እኛው የእንጨት ሥራ ክፍሎች ረስተን፣ ስለት ልንቀይር መፍቻውን እንዳስገባን መብራቱ መጣ። መፍቻው ተወርውሮ ግድግዳ መታ፤ የሰው ፊት አለመሆኑ ዕድል ነው። መብራት ሲመለስ በራሱ የማይነሣ ማብሪያ አለ፤ የኛው ግን ያ አይደለም። እንግዲህ መብራት ከሄደ ከወሬው በፊት ማብሪያው ይዘጋ፤ ስለት ሲቀየርም ሶኬቱ ተነቅሎ ዓይናችን በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። አዲስ ገቢዎች ይህን ስታደርጉ ሳናይ መፍቻውን አንሰጣችሁም።