ስልካችን ቦታ ሲለውጥ አድራሻውን ማን ይሰጠዋል?

ከመኝታ ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት ስንሄድ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ከአንዱ ዋይፋይ ወጥቶ ከሌላው ጋር ይገናኛል። እኛ ምንም አልነካንም። ሆኖም በእነዚያ ጥቂት ሰኮንዶች ስልኩ የቀድሞ አድራሻውን ትቶ አዲስ ሊቀበል ይችላል። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት «ዋይፋዩ ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም» ሲባል መልስ የሚጠበቀው ከመምህሩ ስለሆነ ነገሩን ማወቁ አይከፋም።

እንደሚታወቀው በኢንተርኔት የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ለምሳሌ 192.168.1.25። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። የኔትዎርኩ ወሰን እስከየት እንደሆነ፣ ወደ ውጭ መውጫው በር የትኛው እንደሆነ፣ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር የሚተረጉምለት ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ቀድሞ ይህን ሁሉ ባለሙያ በእጁ ይሞላ ነበር። ከጠረጴዛው ለማይነሣ ኮምፒዩተር ይህ ብዙ አያስቸግርም። በቀን ሦስት ቦታ ለሚዞር ስልክስ?

ለዚህ የተበጀው ደንብ ዲኤችሲፒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ በ1997 ተሻሽሏል። አድራሻ የሌለው ስልክ ማንን እንደሚጠይቅ ስለማያውቅ «አድራሻ የሚሰጥ አለ?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል። ሰጪው፣ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ራሱ ነው፣ «ይህን ልስጥህ» ይለዋል። ስልኩም «እሱን እወስዳለሁ» ሲል ሰጪው «ያንተ ነው፤ ግን ለዚህን ያህል ጊዜ» ብሎ ያጸናለታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስልኩ «እወስዳለሁ» የሚለውን ለሁሉም የሚያሰማው በከንቱ አይደለም፤ ሰጪዎቹ ሁለት ቢሆኑ ያልተመረጠው ሰምቶ ያቀረበውን ቁጥር እንዲመልስ ነው።

«ለዚህን ያህል ጊዜ» የምትለዋን ልብ በሉ። አድራሻው ኪራይ እንጂ ስጦታ አይደለም። የኪራዩ ጊዜ ሲጋመስ ስልኩ እንዲታደስለት ይጠይቃል። ሳይጠይቅ ከግቢ ቢወጣ ግን ቁጥሩ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ በስሙ ተይዞ ይቆያል። እስቲ እናስላ። አንድ ራውተር ከ192.168.1.1 እስከ 192.168.1.254 ያሉትን ቁጥሮች ይዞ አንዱን ለራሱ ቢያስቀር 253 ይተርፋሉ። ኪራዩ 24 ሰዓት ቢሆንና ጠዋት 200 ተማሪ ስልኩን አገናኝቶ ቢሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ለሚመጡት 100 ተማሪዎች የሚቀረው 53 ብቻ ነው። 47ቱ ምንም አያገኙም። ሰው ታዲያ ኔትዎርኩ ደከመ ይላል፤ አዲስ ራውተር ይገዛልን የሚልም አይጠፋም። ኪራዩን ወደ አንድ ሰዓት ማሳጠር እኮ ሳንቲም አያስወጣም!

ላፕቶፕ ላይ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ከታየ ሰጪ አላገኘም ማለት ነው፤ መሣሪያው ራሱ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው። በአቅራቢያው ካሉት ጋር ያነጋግረው ይሆናል፣ ወደ ውጭ ግን አያወጣውም። አንዳንዱ በዚህ ጊዜ ቁጥር ከራሱ ፈጥሮ በእጁ ይሞላል። ይህ በእኔ አስተያየት ችግሩን ወደ ሌላ ሰው ማዛወር ነው፤ ሰጪው ያንኑ ቁጥር ለሌላ ቢያከራየው ሁለቱም ይታወካሉ።

ይሁንና አዲስ አድራሻ ማግኘትና የተጀመረ ግንኙነት ሳይቋረጥ መቀጠል አንድ አይደሉም። አይፒ አድራሻ ሁለት ሥራ ደርቦ ይዟል፤ ማን እንደሆንክም የት እንዳለህም ይናገራል። አድራሻው ሲለወጥ በሩቅ ያለው ኮምፒዩተር የሚያውቀው አሮጌውን ነውና መልሱን ወደዚያ ይልካል። በቪዲዮ የሚነጋገር ሰው ከአንዱ ኔትዎርክ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚቋረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሞባይል አይፒ የተባለው ደንብ ይህን በአደራ መንገድ ሊፈታ ሞከረ። ከደሴ ወደ መተማ የተዛወረ መምህር እናስብ። የደሴውን የፖስታ ሳጥን ቁጥር አልለወጠም፤ ቁልፉን ለባልንጀራው ሰጥቶታል፤ ባልንጀራው የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ወደ መተማ ይልክለታል። መሣሪያውም እንደዚሁ ቋሚ አድራሻውን በቤቱ ትቶ ጊዜያዊውን ለአደራ ተቀባዩ ያስታውቃል። ጉዳቱ ግልጽ ነው። እዚያው መተማ ያለ ጎረቤቱ ቢጽፍለት እንኳ ደብዳቤው በደሴ ዞሮ ይመጣል! ደግሞም አደራ ተቀባዩን የሚያቋቁም አካል ያስፈልጋል፤ በተራው ዋይፋይ ላይ ብዙም ያልተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ደንብ ሆኖ የወጣው ክዊክ ሌላ መንገድ ይዟል። ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ ግንኙነቱ ራሱ ከአይፒ አድራሻው የተለየ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ስልኩ ከዋይፋይ ወደ ሲም ካርድ ዳታ ተሻግሮ በአዲስ አድራሻ ቢመጣ፣ በሩቅ ያለው ኮምፒዩተር በመለያው ያውቀዋል፤ አድራሻው በእርግጥ የእሱ መሆኑን አረጋግጦም ካቆመበት ይቀጥላል። ማንነትና ቦታ ተለያዩ ማለት ነው፤ ባልንጀራም ቁልፍም ሳያስፈልግ።