ጥላ ውስጥ ያለው ጀበና

የኔ ልጅ፣ የታይ ቺ መምህርሽ ሦስት ወር ሙሉ «ቁሚ፣ ተንፍሺ፣ እግርሽን ቀስ አድርገሽ አንሺ» እያለ አሰለቸኝ ብለሽ ለእናትሽ ስታማርሪ ሰማሁ። ሳቅ አመለጠኝ። አንቺ ከፍለሽ የምትማሪውን እኔ ቀጨኔ፣ እንጦጦ ግርጌ፣ ጭቃ መሀል ተቀምጬ ነው የተማርኩት። ያስተማረችኝ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እትዬ ነበር የምንላት። በሕይወት ሳለች ያልመለስኩላት ውለታ አለ፤ አንቺም እንዳትደግሚው እጽፍልሻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሺኝ፤ መታገስ እየተማርሽ አይደል?

1. ያልገባሽን ሥራ አትናቂ። እትዬ አንድ ክረምት ሙሉ ጭቃ አላስነካችኝም። ሥራዬ አፈር መውቀጥ፣ ገል መውቀጥ፣ በወንፊት መንፋት ነበር። የተሰበረ እንስራ አድቅቆ ከአዲስ አፈር ጋር መቀላቀል ሞኝነት መሰለኝና አንድ ቀን ሳታየኝ ገሉን ቀነስኩ። ያ ጭቃ ምጣድ ሆነና ገና እሳት ሳያይ መሀል ለመሀል ተሰነጠቀ። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ገል ግን አንዴ በእሳት ያለፈ ስለሆነ አይኮማተርም፣ ሌላውን ደግፎ ይይዛል። መምህርሽ አቁሞ ሲያቆይሽ ገል እያስወቀጠኝ ነው ብለሽ ቁጠሪው።

2. እጅሽ ጭቃውን አይቅደመው። በኛ ሠፈር ሸክላ የሚሠራው ያለ መንኮራኩር፣ በእጅ ብቻ ነው። የጀበናው ሆድ ይሠራል፤ ጠንከር እስኪል ይቀመጣል፤ ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ መቅጃውና እጀታው። ሆዱ ሳይጠና አንገት ከጫንሽበት ቁጭ ይላል። የእትዬን እጆች አይተሽ ቢሆን! ግራው ከውስጥ ደግፎ፣ ቀኙ ከውጭ በበቆሎ ቆረቆንዳ እየፋቀ፣ ሁለቱም እኩል ይዘገያሉ። የታይ ቺውን ቪዲዮ በስልክሽ ያሳየሽኝ ቀን እሷ ናት ትዝ ያለችኝ፤ ቻይናዎቹ ክንዳቸውን ሲያዞሩ የማይታይ ጋን የሚያለሰልሱ ይመስላሉ። የእነሱን ጥበብ ዩኔስኮ በ2013 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦላቸዋል። እትዬን ማን ይመዝግባት?

3. ሲያሞግሱሽ ይበልጥ ዝግ በይ። አንድ ነጋዴ ሥራዬን አመሰገነና ለበዓል ሃያ ድስት አዘዘኝ። ልቤ አበጠ። እትዬ «ገና ነው፣ እርጥብ ነው» እያለች በባሕር ዛፍ ቅጠልና በኩበት እሳቱን ለኮስኩት። ውስጡ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆነና ድስቱ እንደ ጥይት እየተተኮሰ ፈነዳ፤ ከሃያው ሦስት ተረፈ። እትዬ አልተቆጣችም። እሳቱ ሲበርድ ስብርባሪውን በቁና ለቃቅማ ሙቀጫው አጠገብ ዘረገፈችና «ይኸው ገል» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ዛሬም ሳስበው አንገቴን እደፋለሁ።

4. ትዕግሥት ማለት ስድብ መዋጥ አይምሰልሽ። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪን በክፉ ስም መጥራት እንደ ሰላምታ የተለመደ ነበር፤ በምጣዳችን ጋግሮ እየበላ እኛኑ ይሰድባል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ግን ገበያው ድረስ አልወረደም። አንድ ቀን አንዲት ገዢ ስትሰድባት፣ እትዬ ድምፅዋን ሳታነሳ ምጣዱን ከሴትዮዋ እጅ ተቀበለችና ወደ ቦታው መለሰችው። ሴትዮዋ ዋጋ ጨመረች። ደግሞም ጨመረች። ምጣዱ አልተሸጠም።

5. ምስጋናሽን አታሳድሪ። ይህችኛዋን ሁለት ጊዜ አንብቢያት። ሌላ ሠፈር ሄጄ የራሴን ሥራ ከያዝኩ በኋላ «በ27፣ ለመድኃኔዓለም ስመጣ ጎራ እላለሁ» እያልኩ ስንት 27 አለፈ። ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ሩብ ሰዓት አያስኬድም ነበር። ተሳልሜ፣ ጸበል ጠጥቼ፣ ታክሲ እንዳያመልጠኝ እሮጣለሁ። በመጨረሻ ቡናና ስኳር ይዤ የገባሁት ለለቅሶ ነው። ሙቀጫዋ ደጃፉ ላይ ነበር፤ ውስጡ ግማሹ የተወቀጠ ገል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቀሪውን ወቀጥኩት፤ ሌላ የማደርገው አጣሁ። ስለዚህ አንቺ መምህርሽን «አመሰግናለሁ» ለማለት የምርቃት ቀን አትጠብቂ። ቀድመሽው ድረሺ፣ የሚቆምበትን ጥረጊለት፣ ያሳየሽን ቤትሽ ገብተሽ ደጋግመሽ ሥሪ። መምህር ተማሪው በሌለበት ምን እንደሠራ ከአቋቋሙ ያውቃል።

6. ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ለመምህርሽ የሚሆን ጀበና ሠርቼለታለሁ። ጓዳ ውስጥ፣ ጥላ ላይ ነው ያለው፤ ክረምት ስለሆነ ለመድረቅ ሁለት ሳምንት ሳይፈልግ አይቀርም። ከዚያ ይቃጠላል፤ ከዚያ ራሴ ቡና እያፈላሁበት አሟሸዋለሁ፤ ያልተሟሸ ጀበና ለሰው አልሰጥም። እስከዚያው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ «እማማ፣ ደረሰ ወይ?» እያልሽ እንዳትደውዪብኝ።