ስለ መሪዎች መጸለይ ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በየካ አባዶ የምንኖር ምእመናን ከልዩ ልዩ ሰፈር ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች የመጣን ነን። ስለ ሀገር አስተዳደር ያለን አሳብም ይለያያል። በቅዳሴ ጊዜ ግን ዲያቆኑ ስለ ሀገርና ስለ መሪዎቿ እንድንጸልይ ሲያዝ ሁላችንም በአንድ ቃል እንመልሳለን። ከወጣቶች መካከል «ለበደለን ሰው እንዴት ይጸለያል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ከሐዘን የመጣ ነውና መልስ ይገባዋል።

ለጢሞቴዎስ ይህን ትእዛዝ የጻፈለት ቅዱስ ጳውሎስ ነው (1ኛ ጢሞ. 2፥1-2)። ዘመኑ የሮም ቄሣሮች ዘመን ነበር፤ ሐዋርያውም በኔሮን ጊዜ እንደ ተሰየፈ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይነግረናል። ስለዚህ ያዘዘን ለደጋግ መሪዎች ብቻ እንድንጸልይ አይደለም። ደግሞም እርሱ ራሱ ሳውል ሳለ አሳዳጅ ነበር። ቅዱስ እስጢፋኖስ ስለ ወጋሪዎቹ ሲጸልይ ሳውል በዚያ ቆሞ ነበር (የሐዋ. 7፥58-60)። አሳዳጁም በኋላ ሐዋርያ ሆነ።

በየዓመቱ የምንጾመው ጾመ ነነዌም ይህንኑ ያስተምረናል። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ በለበሰ ጊዜ ከመቶ ሃያ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ከጥፋት ዳነ። ያዘነው ዮናስ ብቻ ነበር (ዮናስ 3 እና 4)። እንግዲህ የመሪ ልብ ሲመለስ የሚጠቀመው ሕዝቡ ነው።

ይሁን እንጂ መጸለይ በደልን ማጽደቅ አይደለም። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሢመት በተደረገ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ ፈተና ገጠማት፤ በሻሸመኔም ምእመናን ሕይወታቸውን አጡ። ቅዱስ ሲኖዶስ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት በግልጽ ተቃወመ። ከጥር 29 ቀን ጀምሮ የነበረውንም ጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሰን በጸሎት እንድናሳልፍ አወጀ። የካቲት 8 ቀን ከተለዩት አባቶች ጋር ስምምነት ተደረሰ። አባቶች እውነቱን ከመናገርም፣ ከመጸለይም አልተቆጠቡም።

ስለዚህ በጸሎታችን፦

1ኛ/ ለመሪዎች ጥበብንና ፈሪሃ እግዚአብሔርን እንለምን፤

2ኛ/ የበደሉትን ወደ ንስሐ እንዲመልስ፣ የተበደሉትንም እንዲያጽናና እንማጸን፤

3ኛ/ በግጭት ምክንያት ከቤታቸው የተፈናቀሉትን አንርሳ።

ቂም በልባችን ሳለ ይህን መጸለይ ከባድ ነው። ከባድ በሆነብን ቀን የአንዱን ባለ ሥልጣን ስም ጠርተን አንዲት «አቤቱ ማረን» እንኳ ብንል መልካም ጅምር ነው። «ማረው» ሳይሆን «ማረን» ማለታችንን ግን እናስተውል፤ እኛም ምሕረት የሚያስፈልገን ነንና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።