አምስቱ አንድ ሲሆኑ

በሊኑክስ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሁሉንም ሥራ ራሳቸው አይሠሩም፤ ብዙውን «ላይብረሪ» ከሚባለው የጋራ ዕቃ ቤት ይዋሳሉ። ጂሊብሲ የተባለው ዕቃ ቤት ቀድሞ በክፍል በክፍል የተለያየ ነበር። ዋናው ሊብሲ ሲሆን፣ ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ ለማካሄድ ሊብፒትሬድ፣ በሥራ መካከል ሌላ ላይብረሪ ለመጫን ሊብዲኤል፣ እንዲሁም ሊብዩቲልና ሊባንል ለየብቻቸው ይገኙ ነበር።

የመለያየቱ ጉዳት በእድሳት ጊዜ ይታያል። አሮጌውን ሊብሲ ይዞ በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም አዲሱን ሊብፒትሬድ ቢጠራ፣ ሁለቱ ስለማይስማሙ ሥራው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. በወጣው በ2.34 እትም አራቱ ወደ ሊብሲ ተጠቃለሉ። አዲስ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰውም አራቱን በስም መጥራት አላስፈለገውም።

እኔ ግን «ታዲያ አራቱን በስማቸው የሚጠሩት የድሮ ፕሮግራሞች ምን ሊሆኑ ነው?» ብዬ ሠግቼ ነበር። መልሱን ሳገኝ ደስ አለኝ፤ አራቱ ፋይሎች ውስጣቸው ባዶ ሆኖ በቀድሞ ስማቸው እንዲቀመጡ ተደርጓል። የድሮው ፕሮግራም ስሙን ጠርቶ ያገኘዋል፤ ሥራውን ግን ሊብሲ ይፈጽምለታል።

ውድ ጓደኞቼ፣ አዲስ ስንሠራ በአሮጌው የሚገለገለው እንዳይጎዳ ማሰብ የሙያው ግማሽ መሆኑን ከዚህ ተምሬአለሁ።